ፕሪንተር ከመግዛታችን በፊት

የኡልፓን ጋዜጣችን ሐሳብ ያለው ይጻፍ ስላለ እኔም የበኩሌን ለመጻፍ ተነሣሁ። ጽሑፌ ስለ ፕሪንተር ነው። ፕሪንተር ስል ሦስቱን ሥራ ባንድ ላይ የሚሠራውን ነው፤ የሚያትመውን፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣውንና ስካን የሚያደርገውን። በዕብራይስጥ መድፔሴት ይሉታል። በዚህ ሁለት ወር ውስጥ በኛ ፎቅ ብቻ አራት ቤት ገዝቷል። ሌላውም ሊገዛ እየጠየቀ ነው።

የኔ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን የማይሆነንን ዕቃ ነው የምንገዛው። ለኛ ኑሮ የሚሆነው ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያትም፣ በዱቄት ቀለም የሚሠራ፣ ሌዘር የሚባለው፣ ከላዩ ስካነር ያለው ነው። እሱንም ቢሆን አንድ ቤት ለብቻው ከሚገዛው ሁለት ሦስት ቤት ሆኖ ቢገዛው ይሻላል እላለሁ። የማይስማማ ሰው ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፣ ደስ ይለኛል።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ጎንደር ሳለሁ ከሃያ ዓመት በላይ በሲንጀር ሠርቻለሁ። ስለዚህ የኮምፒውተር ሰው ነኝ አልልም፣ የመኪና ነገር ግን ይገባኛል። መኪና ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው። ስትገዛው የምትከፍለው አለ፣ ከገዛኸው በኋላ ደግሞ እየሠራ የሚበላው አለ። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ነጋዴም ይህን ያውቃል።

በመጀመሪያ ደረጃ ዕቃው ያስፈልገናል ወይ? ወጣቶቹ «አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ነው፣ ፕሪንተር ምን ያደርግልሃል» ይሉኛል። በከፊል እውነታቸውን ነው። አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው በጉግል ድራይቭ፣ አይፎን ያለውም ኖትስ በሚባለው ውስጥ ወረቀት ስካን ማድረግ ይችላል። ስልኩ የወረቀቱን ዳር ራሱ ይቆርጥና ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ተራ ፎቶ አንሥተን እንልካለን፤ ፎቶው ጥላ ይወድቅበታል፣ ይጣመማል፣ ፓኪዷም አይነበብም ብላ ትመልሰዋለች። በሳምንት አንድ ወረቀት ብቻ ለሚልክ ቤት ስልኩ ይበቃዋል። ገንዘቡን ለልጆቹ ጫማ ያውለው።

እኔ ግን ባለፈው ወር የቤታችንን ወረቀት በደብተር ላይ እየጻፍኩ ቆጠርኩ። ስድሳ አንድ ገጽ ሆነ። የተውዳት ዜሁት ኮፒ ከነሴፋሁ፣ የተውዳት ኦሌ ኮፒ፣ የቢቱዋህ ሌኡሚ ፎርም፣ ከባንክ የመጣ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ፈርማችሁ መልሱ ተብሎ የተላከ፣ ከኩፓት ሆሊም የመጣ፣ የኡልፓን የቤት ሥራ። ይህን ሁሉ ውጭ ሄጄ ላስነሣው ብል የሰፈራችን ሱቅ ለአንድ ገጽ አንድ ሼቄል ያስከፍለኛል። የአውቶቡሱን አልቆጠርኩም።

ገንዘቡ ብቻ አይደለም ነገሩ። እዚህ ጽሕፈት ቤት ያሉት ሠራተኞች ኮፒ አንሡልን ስንላቸው ያነሡልናል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ለጽሕፈት ቤት የማይሰጠው ወረቀት አለው። የሐኪም ወረቀት አለ፣ የባንክ ዕዳ ወረቀት አለ፣ የባልና ሚስት ጉዳይ አለ። እኛ ይህን ወረቀት ይዘን የምንሄደው ወይ ወደ ሱቅ ነው ወይ ወደ ጎረቤት ልጅ ነው። አንዲት እናት የማሕፀን ምርመራ ውጤቷን አሥራ አራት ዓመት ለሆነው ለጎረቤቷ ልጅ ሰጥታ ስካን ስታስደርግ አይቻለሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ምንም አላለም። እሷ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር የቆመችው። በኛ ባህል ይህ ነገር ቀላል አይደለም። እኔ የፕሪንተርን ነገር ቁም ነገር ያልኩት ለዚህ ነው።

ሌላው የቀሩት ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ እናት፣ እህት፣ ልጅ ያልቀረበት ቤት በዚህ ግቢ ጥቂት ነው። ለነሱ ማመልከቻ ስንጽፍ የሚጠየቀው ወረቀት ሠላሳም አርባም ገጽ ይሆናል፤ ዝምድናውን የሚያሳይ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ፣ የድሮ ፎቶ። እናቴ ከታላቅ እህቷ ጋር በልጅነታቸው የተነሡት አንድ ፎቶ አለኝ። ፎቶው ጠርዙ ተበልቷል፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ይህን ፎቶ ለማንም ሰው ትቼ መሄድ አልፈልግም። በቤቴ መስተዋት ላይ አስተኝቼ፣ ክዳኑን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ነው ማንሣት የምፈልገው።

እንግዲህ ወደ ዓይነቶቹ ልግባ።

ገበያ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው። አንደኛው ትንንሽ ካርትሪጅ የሚገባበት ባለ ፈሳሽ ቀለም ነው። ሁለተኛውም ባለ ፈሳሽ ቀለም ነው፣ ነገር ግን ካርትሪጅ በማስገባት ፈንታ ጎኑ ላይ ባለው ታንክ ውስጥ ከጠርሙስ ቀለም የሚሞላ ነው፤ ኤፕሰን ኢኮታንክ፣ ካኖን ሜጋታንክ፣ ኤችፒ ስማርት ታንክ ይሉታል። ሦስተኛው ሌዘር ነው። ሌዘር ቀለሙ ፈሳሽ አይደለም፣ ቶነር የሚባል ደቃቅ ዱቄት ነው። ውስጡ ድራም የሚሉት ጥቅልል አለ። ብርሃን በጥቅልሉ ላይ ጽሑፉን ይሥላል፣ ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ኃይል በተሣለው ላይ ይጣበቃል፣ ወደ ወረቀቱ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ የጋለ ነገር ይተኩሰዋል። ለዚህ ነው ወረቀቱ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ሞቆ የሚወጣው።

በነገራችን ላይ የዚህን ዘዴ መሠረት ያገኘው ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1938 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። ሰውየው የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀቶች በሚዘጋጁበት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቅጂ ማውጣቱ አሰልችቶት ነው ፍለጋ የጀመረው። የኛው ችግር ነበረበት ማለት ነው።

አሁን ሰዎቻችን የሚገዙት የመጀመሪያውን ነው፣ ባለ ትንሽ ካርትሪጁን። ለምን ቢባል ዋጋው ርካሽ ነው። ባየኋቸው ሱቆች ከ300 ሼቄል በታች ይገኛል፣ ደግሞም ቀለም ሁሉ ያትማል፣ ሳጥኑ ላይ የአበባ ሥዕል አለው። ባለ ታንኩና ሌዘሩ እጥፉንና ከዚያም በላይ ያወጣሉ። ስለዚህ ሰው ርካሹን ያነሣል። እኔ ግን ሱቅ ስገባ የምጠይቀው የቀለሙን ዋጋ አስቀድሜ ነው። የዚህ ካርትሪጅ ስንት ነው? ስንት ገጽ ያትማል? ሁለቱንም እጽፍና አካፍላለሁ። የገጹ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ወይም በኩባንያው ጽሑፍ ላይ አለ። ትንንሾቹ ጥቁር ካርትሪጆች ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ገጽ ናቸው። የጥቁርና ነጭ ሌዘር ቶነር ከ1,000 እስከ 3,000 ገጽ ይሄዳል። የታንኩ የጥቁር ቀለም ጠርሙስ ደግሞ ከ4,000 ገጽ በላይ።

ለማስላት እንዲቀል ምሳሌ ላድርግ። ካርትሪጁ 80 ሼቄል ሆኖ 160 ገጽ ቢያትም አንዱ ገጽ 50 አጎሮት ነው። ቶነሩ 240 ሼቄል ሆኖ 1,200 ገጽ ቢያትም አንዱ ገጽ 20 አጎሮት ነው። ጠርሙሱ 60 ሼቄል ሆኖ 6,000 ገጽ ቢያትም አንድ አጎራ ነው። የኔ ቤት በወር 61 ገጽ ነው ብያለሁ፤ በዓመት 732 ይሆናል። በካርትሪጅ 366 ሼቄል፣ በቶነር 146 ሼቄል ከምናምን፣ በጠርሙስ ሰባት ሼቄል። እናንተ በሱቁ እውነተኛ ዋጋ አስሉት። እኔ በእርሳስ ነው ያሰላሁት፣ ስልክም አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር አትርሱ። ያ የገጽ ቁጥር የሚቆጠረው ገጹ ከሃያ እጅ አንዱን ያህል ብቻ ቀለም ቢነካው ተብሎ ነው። ሙሉ ጽሑፍ ያለበት ገጽ፣ የኛ ፊደልማ ወፍራም ነው፣ ከዚያ በላይ ይበላል። ደግሞ አዲስ ፕሪንተር ሲገዛ አብሮት የሚመጣው ቀለም ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም፣ ለመጀመሪያ ያህል ነው። አዲስ ቀለም እንገዛለን ብላችሁ ካሰባችሁበት ጊዜ በፊት ያልቃል።

እንግዲህ በሂሳብ ብቻ ከሆነ ባለ ታንኩ አሸነፈ አይደል? ልክ ነው፣ አሸነፈ። ልጅ የበዛበት ቤት፣ ቀለም ያለው ነገር በየሳምንቱ የሚያትም፣ ቋሚ ቤቱ የገባ ሰው ባለ ታንክ ቢገዛ አልቃወመውም። እኛ ግን መርካዝ ቅሊታ ውስጥ ነን። ዛሬ ሳይሆን ነገ ዕቃችንን ጠቅልለን እንወጣለን። ቀለም የሞላበት ታንክ ተዘቅዝቆ በመኪና አይጫንም፣ ይፈሳል። የሰው ዕቃ ሲጫን ማን ነው ይሄን ቀጥ አድርገህ ያዝ የሚለው? ፍራሽ ላይ ቢደፋ ደግሞ አራት ዓይነት ቀለም ነው።

ሁለተኛ፣ ፈሳሽ ቀለም ይደርቃል። ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሠራ ከቆመ ሊደፈን ይችላል። ያኔ መኪናው ራሱን ያጥባል፣ ሲያጥብ ደግሞ ቀለሙን ይጠጣዋል፤ ምንም ሳታትሙ ያልቃል። ያጠበበት ቀለም የሚሄደው ውስጡ ወዳለ ስፖንጅ ነው፣ ስፖንጁም አንድ ቀን ይሞላል። የቶነር ዱቄት ግን አይደርቅም። ፋሲካን ዘመድ ጋር ከርማችሁ ብትመለሱ እንደ ትናንቱ ያትማል።

ባለ ፈሳሹን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ ስታጠፉት በራሱ ቁልፍ አጥፉት እንጂ ከግድግዳ አትንቀሉት። በቁልፉ ሲጠፋ የቀለሙን አፍ ወደ መክደኛው ወስዶ ይከድነዋል። በድንገት መብራት ሲቆረጥበት ግን አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። ለሻባት ብላችሁ ሰዓት ያለው ማጥፊያ ላይ የሰካችሁት ካላችሁ ከዓርብ ከሰዓት በፊት በቁልፉ አጥፉት።

ሦስተኛ፣ ብዙው ፈሳሽ ቀለም ውኃ ሲነካው ይለቃል። ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ ሰፍቼ ስንት ጊዜ ከሰው ተጣልቻለሁ! በዝናብ ቀን ፎርም ይዘን ሚስራድ ስንሄድ ስማችን መልቀቅ የለበትም። የሌዘር ጽሑፍ የተተኮሰ ስለሆነ ውኃ አያስለቅቀውም።

ሌዘርም እንከን የለሽ አይደለም። ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ አሥር ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሲግል ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ከካውያ ወገን ነው፤ ስለዚህ ማሞቂያና የሻይ ውኃ ማፍያ በተሰካበት በአንዱ የማከፋፈያ ገመድ ላይ አብራችሁ አትስኩት። ፎቶ አያምርለትም። ቀለም ያለው ሌዘርም አለ፣ ግን አራት ቶነር ይፈልጋል፣ አራቱንም መግዛት የኛ አቅም አይደለም። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ሥዕል ቀለም ያስፈለገ ቀን ሱቅ ሄዶ ሁለት ገጽ ማሳተም ነው። በዓመት ስንት ጊዜ ነው?

የመግዣው ዋና ነገር በኔ አስተያየት ስካነሩ ነው። ሁለት ዓይነት ማንሻ አለ። አንደኛው ክዳን ያለው መስተዋት ነው። ሁለተኛው ከላይ ወረቀት ደርድራችሁ አንድ በአንድ ራሱ እየሳበ የሚያነሣው ነው። አርባ ገጽ ማመልከቻ በመስተዋት አንድ በአንድ ማንሣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በመሳቢያው የቡና ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያለውን ፈልጉ። የድሮ ፎቶና የተቀደደ ወረቀት ግን በመሳቢያው አታስገቡ፣ ይበላዋል። እሱ የመስተዋቱ ነው። ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ ይበቃል፣ ለፎቶ 600 አድርጉት። የተውዳት ዜሁታችሁን ደግሞ ከመስተዋቱ ላይ ማንሣት አትርሱ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ቢጠየቅ ይመሰክራል፤ ሰው ኮፒውን ይዞ ዋናውን ትቶ ይሄዳል።

ፋክስ ያለው ይሻላል የሚል ሻጭ አለ። እውነት ነው፣ እስከ ዛሬ የፋክስ ቁጥር የሚሰጡ ቢሮዎች አሉ። ነገር ግን ያ ፋክስ የግድግዳ ስልክ መስመር ይፈልጋል። በዚህ ግቢ የግድግዳ ስልክ ያለው ማን ነው? ለማትጠቀሙበት አትክፈሉ። በሁለቱም ፊት የሚያትም ከሆነ ግን ጥሩ ነው፣ ወረቀት ይቆጥባል።

ዋይፋይን በተመለከተ ብዙ ሰው ይቸገራል። ከቤት ፕሪንተሮች ብዙዎቹ የሚይዙት 2.4 የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው፣ 5 የሚባለውን አይይዙም። ደግሞም የጋራ ኢንተርኔት ስትከፍቱ ስምና ኮድ ጻፉ የሚል ገጽ የሚመጣ ከሆነ ፕሪንተሩ ያንን ገጽ መሙላት አይችልም። ያኔ መፍትሔው በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው፣ ገመዱም ሁልጊዜ ከሳጥኑ ጋር አይመጣም፤ ወይም ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባለውን በስልክ መጠቀም ነው። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ መልሶ ሲሸከም አይቻለሁ። ዕቃው ግን ደኅና ነበር።

ስለ አማርኛ ፊደል ደግሞ ልናገር፣ እዚህ ላይ እበሳጫለሁ። አንድ ሻጭ፣ ሱቁን አልጠራም፣ «ይሄኛው አማርኛ አያትምም፣ አማርኛ የሚያትመው ያ ነው» ብሎ ውዱን አሳየኝ። ፕሪንተር ቋንቋ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ የላከለትን ቅርጽ ነው የሚያትመው፤ አማርኛም ይሁን ዕብራይስጥ ለሱ ሁሉም ነጠብጣብ ነው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገብቷል። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባል የኛን ፊደል ይዞ መጥቷል፣ በኋላም ኢብሪማ በሚባለው ውስጥ ገብቷል። በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ሣጥን ከወጣባችሁ የጎደለው በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፊደል ነው። ፊደሉ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ብታመጡት የትም ይታተማል። ለዚህ አንድም ሼቄል አትጨምሩ።

ቀለሙ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፕሪንተር ውስጡ ቺፕ አለው፣ ኩባንያው ራሱ ያልሠራውን ቀለም አልቀበልም ይላል። በልብስ ስፌት ቢሆን አስቡት፤ መኪናው የሸጠልህን ሰው ክር ካልሆነ አልሰፋም ቢልህ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ የሌላ ቀለም ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ብታገኙ ደግሞ የተሻለ። በየወሩ እየተከፈለ ቀለም በቤታችሁ ይመጣል የሚል ውል ቢያጋጥማችሁም ተጠንቀቁ። እንደዚህ ያለው ውል ክፍያውን ስታቆሙ በቤታችሁ ያለው ካርትሪጅ፣ ቀለም ቢኖረውም፣ መሥራት ሊያቆም ይችላል። ዕብራይስጡን በደንብ የሚያነብ ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ። ከሌዘሮቹ ደግሞ ድራሙ ከቶነሩ የተለየ አለ፤ ድራሙ ብዙ ጊዜ ከአሥር ሺህ ገጽ በላይ ይሄዳል፣ ግን እሱም አንድ ቀን ይገዛል፣ ዋጋውን ጠይቁ።

መግዛቱ ላይ ሕጉ ከኛ ጋር ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከሱቅ የገዛችሁትን የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ካልሰካችሁትና ካልተጠቀማችሁበት፣ በ14 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ሻጩ የሚቀንሰው ከዋጋው አምስት በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፣ ከሁለቱ ያነሰውን። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከገዛችሁና ከሻጩ ጋር ንግግር ካደረጋችሁ፣ በጽሑፍ መላላክም ቢሆን፣ ለአዲስ ኦሌ የተሰጠው ጊዜ አራት ወር ነው፤ ተውዳት ኦሌ ከያዝን አምስት ዓመት እስኪሞላ ድረስ። ስለዚህ «አለቀ፣ ተሸጠ» የሚላችሁ ሰው ቢኖር ዝም አትበሉ። ሳጥኑን ከነስፖንጁ አስቀምጡ። ለታሽሉሚም ሲያከፋፍሉላችሁም የወሩን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ደምራችሁ ጻፉ።

እቤቱ ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። እኔም ቋሚ ቤት ስገባ ኦሴክ ፓቱር ከፍቼ ልብስ ልሰፋ አስባለሁ። ኦሴክ ፓቱር ከደንበኛ ማአም አይቀበልም፣ ለገዛው ዕቃ የከፈለውንም ማአም አይመለስለትም። ማአም ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ ፕሪንተሩ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሙሉ ወጪያችን ነው፤ ለገቢ ግብር ግን እንደ ሥራ ዕቃ ስለሚቆጠር ደረሰኙን አስቀምጡ። ደረሰኝ ካልኩ ደግሞ፣ የሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠፋል፤ በዓመቱ ባዶ ወረቀት ነው የምታገኙት። በገዛችሁበት ቀን ስካን አድርጉት።

ለሽማግሌዎቻችንም ይጠቅማል። የኡልፓኑ መልመጃ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ግማሽ ገጽ የሚያህለውን በ141 በመቶ ብታነሡት ሙሉ ገጽ ይሆናል። ለአባቴ ሁለት ገጽ እንዲያ አድርጌለት ከመነጽሩ ጋር ታርቋል።

አሁን በጋራ የመግዛቱን ነገር ልናገር። ዕቁብ የምናውቅ ሰዎች ይህ አይከብደንም። ሦስት ቤት ሆነን ብንገዛ መኪናውን ለሦስት እንካፈለዋለን። በየቤቱ 61 ገጽ ቢሆን በዓመት 2,196 ገጽ ነው፣ መኪናውም ሥራ አይፈታም። አንድ ደብተር ይሰቀላል፣ ያተመ ሰው ገጹን ይጽፋል፣ ቶነር ሲያልቅ በገጹ መጠን ይዋጣል። ወረቀት እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል። ጣጣው ማን ቤት ይቀመጥ የሚለው ነው። በኔ ሐሳብ ሴቶች ያለ ኀፍረት የሚገቡበት ቤት ይሁን፣ ያተመ ሰው በሚያትምበት ጊዜ የቤቱ ሰው ቡና ያፍላ፣ ወረቀቱን አይመልከት። ሁሉም አዋቂ ሰው ደግሞ ቁልፎቹን ራሱ ይማር፤ ሦስት ቁልፍ ነው፣ ኮፒ፣ ስካንና ማቆሚያ። የልብስ መኪና ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ከሦስቱ አንዱ ቋሚ ቤት አግኝቶ ሲወጣ የቀሩት ድርሻውን ይከፍሉታል፣ ወይም እሱ የነሱን ከፍሎ ይዞት ይሄዳል። ዋጋው በየዓመቱ ስንት እንደሚቀነስ ከመግዛታችን በፊት ይጻፍ፣ በኋላ ከሆነ ወዳጅነት ያበላሻል።

እስካሁን በኛ ፎቅ ሁለት ቤት ሆነናል፣ ሦስተኛ እንፈልጋለን። የሚገባ ሰው ሰኞና ረቡዕ ከኡልፓን በኋላ ምድር ቤት ካለው አዳራሽ ያገኘኛል። የሦስት ሱቅ ዋጋ ከነቶነሩ በደብተሬ ጽፌያለሁ፤ የሚገባም ባይገባም መጥቶ መገልበጥ ይችላል።